አቴንስ፣ ፕላካ ሰፈር፦ ከእናቴ ጋር ሁለት ቀን አለን፣ ምን እንይ?

የፍራንክፈርቷ
ሰላም ወገን። በመጋቢት አጋማሽ እናቴን ይዤ አቴንስ ልሄድ ነው። ከአዲስ አበባ እኔ ጋ ለጥየቃ መጥታ ነው፤ ዕድሜዋ ወደ ሰባው ተጠግቷል፣ ጉልበቷ ከደረጃ ጋር አይስማማም። ሆቴል የያዝኩት ፕላካ ውስጥ ነው፤ ለአክሮፖሊስ፣ ለጥንቶቹ ቤተ መቅደሶች ዓለት፣ ቅርብ ስለሆነ እንጂ ስለ ሰፈሩ የማውቀው ነገር የለም። የሄዱ ሰዎችን ስጠይቅ ግማሹ «ማግኔትና ቲሸርት መሸጫ ነው፣ ጊዜሽን አታጥፊ» ይለኛል። ግማሹ ደግሞ «ከአክሮፖሊስ በላይ የወደድኩት እሱን ነው» ይላል። ማንን ልመን?
እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጳውሎስ የሰበከበትን ቦታ ማየት። ሌላው ሁሉ ለኔ ነው። ጾም ላይ ነን ደግሞ፤ እሷ እየጾመች እኔ ሌላ ነገር አልበላም። እስቲ ምከሩኝ።

አምፔሎኪፒ
እናትሽን ከወዲሁ እንኳን ደህና መጡ በይልኝ። አቴንስ ነው የምኖረው። ፕላካ እንዳልል ኪራዩን የሚችለው ሐበሻ እስካሁን አልገጠመኝም።
ሁለቱም ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ የሄዱበት መንገድ ነው የተለያየው። አድሪያኑ የሚባለውን ዋናውን መንገድ ይዘሽ ከሞናስቲራኪ ቀጥ ብለሽ ከወረድሽ የምታይው ማግኔት ነው፣ ቲሸርት ነው፣ በፕላስተር የተሠራ የአቴና ሐውልት ነው። «ግቡ፣ ግቡ» እያሉ በር ላይ የሚቆሙት አስተናጋጆችም እዚያው ናቸው። ሁለት መንገድ ወደ ዓለቱ ከፍ ስትይ ግን ሱቁ ያልቅና ሰፈሩ ይጀምራል።
እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ የምጀምረው ከሊሲክራቲስ ሐውልት ነው። ክብ፣ ጠበብ ያለ፣ ዙሪያውን ምሰሶ ያለው የእብነ በረድ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶት ያልፋል። በጥንት ጊዜ እዚያው አቅራቢያ ባለው በዲዮኒሶስ ቲያትር የመዘምራን ውድድር ነበር። የአንድን ቡድን የልብስና የሥልጠና ወጪ የሚሸፍነው አንድ ሀብታም ነው። ቡድኑ ካሸነፈ ሽልማቱ ሦስት እግር ያለው የነሐስ ዕቃ ሲሆን፣ ሀብታሙ አገር እንዲያይለት ሐውልት አሠርቶ አናቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ሊሲክራቲስ ይሄን ያሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ334 ገደማ ነው። መንገዱ ዳርና ዳር እንዲህ ባለ ሐውልት የተሞላ ነበር፤ ሙሉ ሆኖ የቆመው ይሄው አንዱ ነው። መንገዱም አልጠፋም፣ ትሪፖዶን እንደተባለ አለ። እናትሽ ሆቴል ስትገባና ስትወጣ የምትሄድበት መንገድ ከ2300 ዓመት በላይ የተረገጠ ነው።
እንዴት ተረፈ ካልሽ፣ መነኮሳት ናቸው ያተረፉት። በፈረንጆቹ 1669 የፈረንሳይ ካፑቺን መነኮሳት ቦታውን ገዝተው ገዳም አደረጉት፤ ሐውልቱ ግድግዳቸው ውስጥ ገብቶ የመጻሕፍት ክፍል ሆነ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ባይረን እንኳ በ1810 እና በ11 አካባቢ እዚያ አርፎ ነበር። ገዳሙ በነጻነቱ ጦርነት ተቃጠለ፣ ሐውልቱ ቀረ።

ዋጋ ጠያቂ
ታሪኩ ደስ ይላል፤ ሒሳቡንም ንገሯት እንጂ። የአክሮፖሊስ መግቢያ ከ2025 ሚያዝያ ጀምሮ 30 ዩሮ ነው። ድሮ በክረምት ግማሽ ይከፈል ነበር፣ ያም ቀረ። ሁሉንም ፍርስራሽ በአንድ ቲኬት የሚያሳየው ጥቅልም ተነሥቷል። ፕላካ ውስጥ ዓለቱ የሚታይበት በረንዳ ላይ ቁጭ ካልሽ ደግሞ ለመቀመጫው ጭምር ነው የምትከፍይው። እኔ ብሆን ሌላ ሰፈር አድሬ በሜትሮ መጥቼ እመለሳለሁ።

አምፔሎኪፒ
የበረንዳውን ነገር አልከራከርህም። ግን ፕላካ ማደር የሚጠቅመው ለጠዋቱ ነው። ከመርከብና ከአውቶቡስ የሚወርደው ሕዝብ ሳይደርስ፣ ሱቆቹ መዝጊያቸውን ሳያነሡ፣ ድመቶቹ ደረጃው ላይ ተኝተው እያሉ መውጣት አለባት። ጉልበት ለሚያማት ሴት በሰው መሀል መጋፋት ራሱ ድካም ነው። ሌላ ሰፈር ያደረ ሰው ያንን ሰዓት አያገኘውም።
ደግሞ ከዚያ ሰፈር ብዙው ነገር በነጻ ነው። አናፊዮቲካን ማን ያስከፍላታል?

የፍራንክፈርቷ
አናፊዮቲካ ምንድን ነው?

አምፔሎኪፒ
ዓለቱ ሥር የተለጠፉ ነጫጭ ቤቶች ናቸው። አቴንስ በ1834 ዋና ከተማ ስትሆን ከባቫሪያ የመጣው ወጣቱ ንጉሥ ኦቶ ቤተ መንግሥት አስፈለገው። ግንበኛ ከየደሴቱ ተጠራ፤ ከአናፊ ደሴት የመጡት ማደሪያ ስላልነበራቸው ገደሉ ጥግ ላይ በአገራቸው አሠራር ጎጇቸውን ቀለሱ። በቀን የንጉሡን ይገነባሉ፣ በማታ የራሳቸውን። የንጉሡ ቤት ዛሬ ሲንታግማ አደባባይ ላይ ያለው ፓርላማ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች እስክትወጣ ባለው ጊዜ ያለቀ ቤት የሠሪው ይሆናል የሚል ወግም ነበር ይባላል።

ዋጋ ጠያቂ
ጨረቃ ቤት በለኛ! አቴንስ ድረስ ሄጄ የኮተቤን ጨረቃ ቤት ላይ።

አምፔሎኪፒ
ራሱ ነው፣ ማፍረሱም አልቀረላቸውም። በ1950 ለቁፋሮ ተብሎ ከፊሉ ፈረሰ። አሁን አርባ አምስት ያህል ቤት ነው የቀረው። የመንገድ ስም የላቸውም፤ ፖስታ የሚደርሳቸው «አናፊዮቲካ፣ ቁጥር ይህን ያህል» ተብሎ ነው። መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ አንዳንዱ ጥግ የሰው በር ላይ ነው የሚያደርስሽ። ስለዚህ እባካችሁ ድምፅ ቀንሱ፣ የሰው መስኮት ውስጥ ስልክ አትደቅኑ። ሰው ይኖርበታል፣ ልብሱን ያሰጣበታል። እኔ ፕላካ ውስጥ የሚያናድደኝ ማግኔቱ አይደለም፤ የአሮጊቶች ደጃፍ ላይ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ፎቶ የሚነሣው ነው።
ለእናትሽ ግን አጠር አድርጊው። ደረጃው ያልተስተካከለ ነው። ከስትራቶኖስ መንገድ በኩል መግቢያው ላይ ያለችውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው እዚያው ይረፉ። አንቺ ወደ ውስጥ ገብተሽ ተመለሺ።

የሰማኒያዎቹ
ልጆች፣ እኔ አቴንስን የማውቃት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ የሚያሳልፈን ወረቀት እስኪመጣ ግሪክ ነበር የምንጠብቀው። እስኪመጣ ያገኘነውን እንሠራለን፤ እኔ ወጥ ቤት ሳህን አጥብ ነበር።
ያኔ የነበረው ፕላካ ይሄ የምታወሩለት አይደለም። ጭፈራ ቤት በጭፈራ ቤት ላይ ነበር፤ ሌሊቱን ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ኗሪው ሰፈሩን እየጣለ ወጥቷል፣ መኪናና ሞተር ሳይክል በዚያ ጠባብ መንገድ ይጋፋል። ከከተማዋ ላይ ደግሞ ኔፎስ የሚሉት ጭስ አይነሣም፤ ዓይን ያቃጥላል። መንግሥት ከፈረንጆቹ 1982 ጀምሮ መኪናን በታርጋ ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ ብሎ በየተራ ወደ መሀል ከተማ ያስገባ የነበረው ለዚህ ነው። እብነ በረዱን እንኳ ጭሱ እየበላው በ1979 እነዚያን ጣሪያ የተሸከሙ ሴቶች ሐውልቶች አክሮፖሊስ ላይ ካለው ኤሬክቴዮን ከሚባለው መቅደስ አውርደው ሙዚየም አስገቧቸው። አሁን ላይ ቆመው የምታዩዋቸው ቅጂ ናቸው።
ፕላካ የዳነው በ1980ዎቹ ነው። ጭፈራ ቤቶቹ በሕግ ተዘጉ፣ መንገዱ ለእግረኛ ተለቀቀ፣ አሮጌ ቤቶቹ ታደሱ። እኔ ከዋሽንግተን ለጉብኝት ስመለስ ሰፈሩን ጸጥ ብሎ አገኘሁት። ማግኔቱ በዝቷል ትላላችሁ፤ እኔ ያየሁትን ብታዩ ማግኔቱን ትስሙት ነበር።

ዋጋ ጠያቂ
ጋሼ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን አሁን ደግሞ ኗሪውን የሚያስወጣው ጭፈራ ሳይሆን ለአጭር ጊዜ የሚከራይ አፓርታማ ነው። የፍራንክፈርቷም የያዘችው ሆቴል ከሆነ ጎሽ።

የሰማኒያዎቹ
እሱስ እውነት ነው።

መሪጌታ አይደለሁም
ወደ እናትሽ ጥያቄ ልመለስ፤ ዋናውን ነገር ማንም አልመለሰላትም።
ቦታው አርዮስፋጎስ ነው፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17። ከአክሮፖሊስ መግቢያ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለ ራቁት ዓለት ነው። መግቢያ አይከፈልበትም። የጥንቱ የተፈለፈለ ደረጃ ከብዙ እግር ብዛት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ከጎኑ የብረት ደረጃ ተሠርቶለታል፣ ላዩ ግን ያው የለሰለሰ ድንጋይ ነው። እናትሽ እንዳትወጣ። ከሥሩ ዓለቱ ላይ የጳውሎስ ስብከት በግሪክኛ የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ እዚያ ቆማ አንቺ ምዕራፉን በአማርኛ አንብቢላት። «ለማይታወቅ አምላክ» የሚለው ጋ ስትደርሺ ቀና ብላ ላይኛውን ቤተ ጣዖት ታየዋለች። ጳውሎስ «እጅ በሠራው መቅደስ አይኖርም» ሲል ፓርተኖን ቆሞ፣ ያውም ከተሠራ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት፣ አናቱ ላይ ይታይ ነበር። ይሄን እዚያ ካልቆሙ መጽሐፉን በማንበብ ብቻ አይገባም።
እውነቱን ለመናገር ሊቃውንት ይከራከሩበታል፤ አርዮስፋጎስ የሸንጎውም ስም ስለነበር ንግግሩ የተደረገው ዓለቱ ላይ ሳይሆን ሸንጎው በታች በገበያው ሲሰበሰብ ነው የሚሉ አሉ። ለእናትሽ ይሄን መንገሩን ለአንቺ ትቼዋለሁ።
አሁን ጥሩውን ልንገርሽ። ያን ቀን ካመኑት መካከል ዲዮናስዮስ የሚባል የሸንጎው ሰው ነበር፤ ደማሪስ የምትባል ሴትም። ከአክሮፖሊስ በስተ ደቡብ ያለው ሰፊው የእግረኛ መንገድ የተሰየመው በዲዮናስዮስ ስም ነው። እሱ ሲያልቅ ደግሞ የሐዋርያው ጳውሎስ ጎዳና ይቀጥላል፣ እስከ ቲሲዮ ሰፈር። ከ2004ቱ ኦሎምፒክ በፊት ለእግረኛ የተሠሩ፣ መኪና የሌለባቸው፣ አግዳሚ ወንበር ያላቸው መንገዶች ናቸው። መለስተኛ ዳገት አለው፣ ደረጃ ግን የለውም። እናትሽ ከደቀ መዝሙሩ ጎዳና ተነሥታ በመምህሩ ጎዳና ትጨርሳለች። አርዮስፋጎስ የሚቀረው መሀል ላይ ጥቂት ወጣ ማለት ብቻ ነው።

የፍራንክፈርቷ
ይሄን ጮክ ብዬ አነበብኩላትና «መሪጌታ አይደለሁም ያለው ውሸቱን ነው» አለች።

የአየር ትንበያ
እኔ ሥራዬ ከአየር ጠባይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንድ ነገር ካልጨመርኩ አይሆንልኝም። የነፋሳቱን ግንብ እንዳታልፉ። ፕላካ ውስጥ፣ የሮማውያን ገበያ ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ ቅጥሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከውጭም በደንብ ይታያል።
ስምንት ማዕዘን ያለው የእብነ በረድ ግንብ ነው፣ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ። የኪሮስ ከተማ ሰው አንድሮኒቆስ ነው ያሠራው፤ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ፊት ወደ አንድ ነፋስ ይመለከታል፤ ነፋሱም እየበረረ ተቀርጾበታል። ሰሜኑ ቦሬአስ ካባ የደረበ ጢማም ነው። ደቡቡ ኖቶስ እንስራ ገልብጦ ውኃ ያፈስሳል፣ ዝናብ አምጪ ነውና። ካይኪያስ በጋሻው በረዶ ይዟል። ምዕራቡ ዜፊሮስ አበባ ይበትናል። አናቱ ላይ ነፋሱ ወደ ነፈሰበት የሚዞር የነሐስ ትሪቶን፣ የባሕር አምላክ ምስል፣ ነበር። ከነፋሳቱ በታች ግድግዳው ላይ የፀሐይ ሰዓት መስመሮች ተጭረዋል፤ ውስጡ ደግሞ ለደመናማ ቀንና ለሌሊት በውኃ የሚሠራ ሰዓት ነበረው። ሰዓትና የአየር ሁኔታ በአንድ ሕንጻ፣ ገበያ መሀል! ነጋዴው መርከቡ መቼ እንደሚገባ የሚገምተው እሱን እያየ ነው ቢባል አይገርመኝም።
በኋላ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ በኦቶማን ዘመን ደርቪሾች ዚክር አወጡበት። ለዚህ ነው ያልፈረሰው፤ በየዘመኑ የሚፈልገው ሰው አገኘ። በ2016 ታድሶ ውስጡ ለሕዝብ ተከፍቷል።
ፊት ለፊቱ የ1721 የቁርአን ትምህርት ቤት በር ብቻውን ቆሟል፤ ትምህርት ቤቱ በኋላ እስር ቤት ሆኖ ነው የፈረሰው። ኪሪስቱ በሚባለው መንገድ ደግሞ በአቴንስ የቀረው ብቸኛው የኦቶማን የሕዝብ መታጠቢያ አለ፣ እስከ 1965 ሰው ይታጠብበት ነበር።

መሪጌታ አይደለሁም
ወንድሜ፣ አንተ ስለ ነፋስ ስትጽፍ ነው ያማረብህ።

ሽሮ ናፋቂ
የጾሙን እኔ ልመልስ። እህቴ፣ አትጨነቂ፣ ከፍራንክፈርት ይልቅ አቴንስ ይሻልሻል። ፋሲካችን ከነሱ ጋር አንድ ቀን ነው የሚውለው፤ እነሱም ያኔ ጾም ላይ ናቸው። እኛ በጾመ ሕርቃል አንድ ሳምንት እንቀድማቸዋለን እንጂ በመጋቢት አጋማሽ አብረን ነን። ምግብ ቤት ገብተሽ «ኒስቲሲሞ» በይ፣ ይገባቸዋል። ፋቫ አለ፣ ከቢጫ ክክ የሚሠራ። ጊጋንተስ አለ፣ በቲማቲም የተጋገረ ትልልቅ ባቄላ። ሩዝ የተጠቀለለበት የወይን ቅጠል፣ የተቀቀለ ጎመን በወይራ ዘይትና በሎሚ። ጠዋት ከመንገድ ዳር ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ክብ ዳቦ፣ ኩሉሪ፣ ግዢላት።
አንድ ጥንቃቄ፦ ለነሱ ጾም ሲሉ ካላማሪ፣ ኦክቶፐስ፣ ሽሪምፕ ይጨምራል፤ ደም የሌለው ስለሆነ ይፈቀዳል። ሳህኑ እናትሽ ፊት ከተቀመጠ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ታራማ የሚሉት ሮዝ ቅባትም የዓሣ እንቁላል ነው።

አምፔሎኪፒ
ስለ ቲማቲሙ ካነሣሽ፣ በግሪክ ምድር መጀመሪያ ቲማቲም የተተከለው በዚያው በሊሲክራቲስ ገዳም ጓሮ ነው ይባላል፣ በ1818። ይሄን ለአስተናጋጅ ንገሪውና ሲከራከርሽ ተደሰቺ።

ሯጩ
ማንም ሳይጠራው ሲቀር ማመን አቃተኝ! ከሐድርያን በር ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ሄዳችሁ የእብነ በረዱን ስታዲየም እዩ። የ1896ቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ የተካሄደበት ነው። አበበ ቢቂላ በ1961 የአቴንስን ማራቶን ያሸነፈው ባዶ እግሩን ነው፤ ከሮም በኋላ መሆኑ ነው። የ2004ቱ ኦሎምፒክ የቀነኒሳ የ10 ሺህና የመሠረት ደፋር የ5 ሺህ ወርቅም እዚያችው ከተማ ነው፣ ስታዲየሙ ሌላ ቢሆንም።

የፍራንክፈርቷ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እናቴ ስለ አበበ ስትሰማ «እሱንም እናየዋለን» ብላለች፣ ጉልበቱ ተረሳ። ሁለት ነገር ብቻ ይቀረኛል። አክሮፖሊስ ላይ ለመውጣት ለሷ መኪና ነገር አለ ወይ? ደግሞ የምንደርሰው መጋቢት 15 ማታ ነው፤ 16 እና 17 ሙሉ ቀን አለን።

አምፔሎኪፒ
ቆይ፣ በኛ መጋቢት 16 ማለት በነሱ ማርች 25 ነው! ብሔራዊ በዓላቸው ነው፣ የብስራት በዓልም ነው። ሲንታግማ ላይ ወታደራዊ ሰልፍ አለ፣ መሀል ከተማው መንገድ ይዘጋል፣ አክሮፖሊስና የጥንት ቦታዎቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። የሚያስደስተው የአክሮፖሊስ ሙዚየም በዚያ ቀን ክፍት ነው፣ በነጻ ነው።
ስለዚህ ቀኑን ገልብጪው። 16ን ለሰፈሩ አድርጊው፦ በማለዳ ትሪፖዶንና ሊሲክራቲስ፣ ከዚያ የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ሙዚየሙ። ወለሉ መስታወት ነው፤ ከሥሩ የተቆፈረው የጥንት ሰፈር ከነቤቱና ከነጉድጓዱ ይታያል። ሊፍት አለው፣ መቀመጫ አለው፤ እነዚያን ሴቶች ሐውልቶች እዚያ ታያቸዋለች፣ አምስቱን፤ ስድስተኛዋ ለንደን ናት። ምሳ ላይ ሁሉም ቤት የጨው ዓሣ በነጭ ሽንኩርት ነው የሚያቀርበው፣ በዓሉ ዓሣ ይፈቅድላቸዋል። እናንተ ፋቫችሁን በሉ። ማታ ላይ የዲዮናስዮስና የጳውሎስን ጎዳና ተጓዙ፤ አርዮስፋጎስን ግን ለማግስቱ አቆዩት፣ ያን ዕለት ሰው ይበዛበታል።
17ን ለአክሮፖሊስ። ቲኬቱ የሰዓት ቀጠሮ አለው፤ በነሱ 8 ሰዓት የሚለው በኛ 2 ሰዓት ጠዋት ነው፣ የመጀመሪያውን ያዙ። ለመራመድ ለሚቸገር ሰው በሰሜኑ ገጽታ በኩል ሊፍት አለ፣ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ነው። ግን ለሁሉም ሰው አይደለም፣ አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ። ላይ የተነጠፈውን የኮንክሪት መንገድ የሚሰድቡ ብዙ ናቸው፣ ውበቱን አበላሸው ይላሉ። እናቴን በተሽከርካሪ ወንበር ይዤ የወጣሁ ሰው እንደመሆኔ ስድቡን አልቀላቀልም።
ሲመለሱ ጊዜ ከተረፈ አድሪያኑ 96 የሚባለው የቤኒዜሎስ ቤት ይግቡ። በአቴንስ ቆመው ካሉ መኖሪያ ቤቶች አሮጌው የሚባለው ነው፣ ከቅድስት ፊሎቴይ ቤተሰብ ጋር ይያያዛል። በባርነት የተያዙ ሴቶችን እየደበቀች ታስመልጥ የነበረች፣ በኦቶማን ወታደሮች ተደብድባ በ1589 ያረፈች መነኩሴ ናት። አጽሟ እዚያው ቅርብ ባለው ካቴድራል ነው። እናትሽ ይሄን ትወደዋለች።

ዋጋ ጠያቂ
ከአየር ማረፊያ ሰማያዊው ሜትሮ 9 ዩሮ ነው፣ ሲንታግማ ወይ ሞናስቲራኪ ያወርዳል። ባቡሩ ውስጥ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፣ ቦርሳ ከፊት። በ15 ማታ ስለሆነ የምትገቡት ሰልፉ አይነካችሁም፤ በ16 ጠዋት ግን ሲንታግማ ጣቢያ ሊዘጋ ስለሚችል ለዚያ ቀን የሜትሮ ዕቅድ አትያዙ።

የፍራንክፈርቷ
ቀኑን ገለበጥኩት፣ ቲኬቱንም ለ17 በነሱ 8 ሰዓት ያዝኩ። ስለ ሊፍቱ ነገ ጠዋት እደውላለሁ።